ጉልላቱ ሞልቶ ምድጃው ያልነደደበት ግቢ፦ ከኮምቦልቻ የአንድ ባዮጋዝ ማብላያ ጉዳይ

ኮምቦልቻ ዳር ተማሪ እያደረ የሚማርበት አንድ ተቋም አለ። ስሙን አልጠራም። ወደ 300 የሚጠጋ ተማሪ ይኖርበታል። ግቢው ውስጥ 50 ሜትር ኩብ የሚይዝ የባዮጋዝ ማብላያ ተሠርቶለታል፤ ከመሬት በታች የተቀበረ፣ ጉልላት ያለው፣ ገጠር ውስጥ ለከብት እበት የሚሠራው ዓይነት፣ ግን በጣም የተለጠጠ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሽንት ቤት ዝቃጭ ይገባል፣ አየር በሌለበት ይብላላል፣ ጋዙ በቧንቧ ወጥ ቤት ይሄዳል፣ የማገዶ ወጪ ይቀንሳል።

ማብላያው ተሞላ፣ ተዘጋ፣ ተመረቀ። ጋዝ ግን የለም። ጨርሶ የለም ማለትም አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ምድጃው ይለኮሳል፣ ጥሩ ሰማያዊ ነበልባል ያሳያል፣ ከዚያ አንድ ድስት ሽሮ ሳይንተከተክ ይጠፋል።

ግቢው ውስጥ ያልተባለ ነገር የለም። ግንበኛው አበላሽቶታል፣ ጉልላቱ ያፈሳል ያለ አለ። የጽዳት ሠራተኞቹ በበረኪና ባክቴሪያውን ፈጅተውታል ያለ አለ። በከረጢት የሚሸጥ «ባክቴሪያ» እንግዛ ያለም ነበር፣ ዋጋውን ሁሉ ጠይቆ መጥቷል። እኔን የጠሩኝ ይሄ ግዢ ሊፈረም ሲል ነው።

መጀመሪያ ማፍሰሱን አየን። ቫልቩ ማታ ይዘጋል፣ ውሃ ያለበት ግልጽ ቱቦ ቧንቧው ላይ ይገጠማል፣ የውሃው ከፍታ ምልክት ይደረግበታል። ጠዋት ስንመለስ ውሃው አልወረደም፣ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሏል። መጋጠሚያዎቹን ደግሞ በሳሙና አረፋ ቀባናቸው፤ አንድም ቦታ አልፈላም። (በክብሪት መፈተሽ የሚባለውን ነገር እንዳትሞክሩ። ባዮጋዝ ውስጥ የሚነደው ክፍል፣ ሚቴን፣ አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል።) ግንበኛው ንጹሕ ነው ማለት ነው። የሰውየው ስም ግን እስካሁን ግቢው ውስጥ በክፉ ይነሳል፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

በረኪናውስ? እዚህ ጋ ማብላያው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራው ቅብብሎሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተሕዋስያን ስታርቹን፣ ፕሮቲኑንና ቅባቱን ይቆራርጣሉ። ቀጣዮቹ የተቆራረጠውን ወደ አሲድ ይለውጣሉ። ሌሎች ደግሞ ያንን አሲድ ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወርዱታል። መጨረሻ ላይ ሚቴን ሠሪዎቹ አሉ፤ በጥብቅ ከተባለ ባክቴሪያም አይደሉም፣ አርኪያ የሚባል ሌላ ዘር ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ቀርፋፋና ቀበጦች ናቸው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲድ ሲበዛ ይወርዳል) ከ6.8 እስከ 7.4 ገደማ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። መርዝ ቢገባ መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው፣ አሲድ የሚሠሩት ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ አሲዱን የሚበላው ይጠፋል፣ ማብላያው ይኮመጥጣል። ስለዚህ በረኪና ገድሏቸው ቢሆን ፒኤቹ ከ6.5 በታች ወርዶ፣ ሽታው ተለውጦ፣ የሚወጣውም ጋዝ አልነድ ብሎ እናገኘው ነበር።

የፒኤች ወረቀቱ ግን ከ7 ትንሽ ከፍ አለ። ነበልባሉም ሰማያዊ ነው፣ ይሄ ማለት ጋዙ ውስጥ በቂ ሚቴን አለ። ለነገሩ ክሎሪን ቆሻሻ ካገኘ እዚያው ላይ ይጠፋል፣ ለመጸዳጃ ወለል የሚፈስ በረኪና 50 ሜትር ኩብ ዝቃጭን አሸንፎ አይገድልም። ያየነው በሽታ ሳይሆን ረሃብ ነው። ተሕዋስያኑ አሉ፣ ደህና ናቸው፣ የሚበሉት የላቸውም።

እንዴት ነው ታዲያ እስከ አፉ የተሞላ ማብላያ ውስጥ ምግብ የሚጠፋው?

መልሱ ከማብላያው 30 እርምጃ ያህል ርቆ የተቀበረ ነበር። ግቢው ከድሮ ጀምሮ ሴፕቲክ ታንክ አለው። የሽንት ቤቱ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፣ ይዘቅጣል፣ ዓመታት ይተኛል። ከዚያ መጣጭ መኪና ይመጣና የተኛውን ዝቃጭ ስቦ ማብላያው ውስጥ ይገለብጠዋል። ወፍራም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ይሸታል። ላየው ሰው «ይሄማ ስንት ጋዝ ይወጣዋል» ያሰኛል።

ሴፕቲክ ታንክ ግን ራሱ ማብላያ ነው። አየር የለውም፣ ያው ተሕዋስያን አሉበት፣ ያው ሥራ ይሠራበታል። ልዩነቱ ጋዙን የሚይዝለት ጉልላት የለውም፤ በማስተንፈሻ ቧንቧው በኩል ለዓመታት ወደ ሰማይ ሲሄድ ኖሯል። ከዚያ የወጣን ዝቃጭ ማብላያ ውስጥ መጨመር ማለት ከበረካ በኋላ ጀበናው ላይ ውሃ ሞልቶ አቦል እንደመጠበቅ ነው።

ይሄን በግምት አላልኩም፣ መለካት ይቻላል። ዝቃጩን በ105 ዲግሪ ታደርቀዋለህ፣ ትመዝናለህ፣ ከዚያ በ550 ዲግሪ ታቃጥለዋለህ፣ እንደገና ትመዝናለህ። የተቃጠለው ለተሕዋስያኑ ምግብ ሊሆን የሚችለው ክፍል ነው፤ የቀረው አመድና አሸዋ ነው። ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣ ትኩስ ዝቃጭ ከደረቅ ክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶ ይቃጠላል። የእኛ ግማሹ እንኳ አልተቃጠለም። ደግሞ የሚቃጠል ሁሉ የሚበላ አይደለም፤ ከዚያች ግማሽም ብዙው ተሕዋስያኑ አላምጠው የተፉት እንጨት እንጨት የሚል ነገር ነው።

አስተዳደሩ በቁጥር አልተመለሰም። በሃይላንድ ጠርሙስ ተመለሰ። አንድ ገበሬ ጓሮ ካለ፣ ደህና ከሚሠራ የከብት ማብላያ ስለሪ (ተብላልቶ የሚወጣውን ቀጭን ዝቃጭ) አመጣን፣ ጠርሙሶች ውስጥ እኩል እኩል ከፈልነው። አንዱን እንዳለ ተውነው። አንዱ ላይ የሴፕቲክ ታንኩን ዝቃጭ፣ ሌላው ላይ የዚያን ቀን ትኩስ የሽንት ቤት ቆሻሻ ጨመርን። አፋቸው ላይ ፊኛ አሰርን፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥናቸው። የትኩሱ ፊኛ ተነፋ። የሴፕቲኩ ምንም ካልተጨመረበት ብዙም አልተለየም። ፊኛ ጋዝ ስለሚያሳልፍ ይሄ መለኪያ አይደለም፣ ማወዳደሪያ ብቻ ነው፤ ግን የባክቴሪያ ግዢውን ወረቀት ከጠረጴዛ ላይ ያነሳው እሱ ነው። ላብራቶሪ የሌላችሁ ሰዎች፣ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ሥሩ።

አሁን ወደ ዲዛይነሮቹ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሞኞች አይደሉም። ማብላያ ውስጥ ዋናው ነገር ቆይታ ነው፦ የማብላያው መጠን በቀን ለሚገባው ሲካፈል ቆሻሻው ስንት ቀን እንደሚቆይ ይነግራል። ትልልቅ የከተማ ማጣሪያዎች ከራሳቸው ጋዝ ቀንሰው ማብላያውን ወደ 35 ወይም 37 ዲግሪ ያሞቁታል፣ ከ15 እስከ 20 ቀን ይበቃቸዋል። እኛ ጋ የሚያሞቅ የለም። ኮምቦልቻ ላይ ከመሬት በታች ያለው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ በዚህ ሙቀት 40 ቀንና ከዚያ በላይ ቢገኝ ነው የሚመረጠው። ደሴ ላይ ቢሆን ደግሞ ይብሳል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚራራቁት፣ ግን ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ያ ወደ አራት ዲግሪ ገደማ ይወስዳል። በየ10 ዲግሪው ቅናሽ የተሕዋስያኑ ፍጥነት በግማሽ ያህል እንደሚወርድ ካሰብን አራት ዲግሪ ቀላል አይደለም።

የግቢው ፍሳሽ ግን ውሃ ነው። ሻወር፣ ልብስ እጥበት፣ የውዱዕ ውሃ፣ ሁሉም አንድ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ተማሪ በቀን 30 ሊትር ብንል 300 ተማሪ 9 ሜትር ኩብ ነው። 50ን ለ9 ስታካፍል አምስት ቀን ተኩል ታገኛለህ። በአምስት ቀን ውስጥ በ20 ዲግሪ ምንም አይብላላም፤ ይባስ ብሎ ቀርፋፋዎቹ ሚቴን ሠሪዎች ተባዝተው ሳይተኩ ታጥበው ይወጣሉ። ዲዛይነሮቹ ይሄን አይተው ነው መጀመሪያ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ይዝቀጥና ወፍራሙ ብቻ ይግባ ያሉት። በውሃው በኩል ልክ ናቸው። ረሱት የምለው ዕድሜውን ነው። ወፍራምና ሙት ከሆነው እና ትኩስና ቀጭን ከሆነው መሃል መረጡ።

ሦስተኛው መንገድ ውሃውን ከምንጩ መለየት ነው። ሽንት ቤቶቹ በጣሳ ውሃ የሚለቀቅባቸው ናቸው፣ ይሄ ዕድል ነው፤ በአንድ መልቀቅ ብዙ ውሃ የሚያፈሱ ባለ ታንከር ቢሆኑ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ ባልጻፍኩም። ዓይነ ምድሩ፣ ሽንቱና የመልቀቂያው ውሃ ተደምሮ ለአንድ ሰው 7 ሊትር ያህል ብንይዝ ለሁሉም 2.1 ሜትር ኩብ ይሆናል። 24 ቀን አካባቢ ማለት ነው። 40 አይሞላም፣ ግን ይሠራል። ስለዚህ የሽንት ቤቶቹ መስመር ሴፕቲክ ታንኩን ዘሎ ቀጥታ ማብላያው ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ሻወሩና እጥበቱ ወደ አሮጌው ሴፕቲክ ታንክ ሄደ። የውዱዕ ውሃው ጉዳይ ጥቂት አከራከረ፤ መታጠቢያው ከሽንት ቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ወለል መቆፈር ነበረበት። በመጨረሻ ተቆፈረ፣ አሁን ውሃው የግቢውን ዛፎች ያጠጣል። ከሌላው ፍሳሽ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው፣ ለዚያውም በቀን አምስት ጊዜ የሚመጣ ነው፣ ማብላያ ውስጥ መጨመሩ ድሮም ብክነት ነበር።

ከአሮጌው ዝቃጭ የተወሰነው ወጥቶ ትኩስ እበትና ከቄራ የመጣ ፈርስ ገባ፣ ለዘር። በከረጢት የሚሸጠው ባክቴሪያ ሊሰጥ የሚችለው ነገር ሁሉ ፈርስ ውስጥ አለ፣ የጭነት ዋጋ ብቻ ነው የሚያስወጣው።

ጋዙ ቀስ እያለ መጣ። ምን ያህል ይጠበቅ? የአንድ ሰው ቆሻሻ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ጋዝ ይሰጣል ተብሎ ነው የሚታሰበው። በ25 ብንይዘው 300 ተማሪ 7.5 ሜትር ኩብ። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት አለው፣ ስለዚህ ቢበዛ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት። ይሄ የወረቀት ጣሪያ ነው፣ ባልሞቀ ማብላያና በአጭር ቆይታ እዚያ አይደረስም። አንዲት ላም በቀን የምትጥለው 10 ኪሎ እበት ብቻውን ከ300 እስከ 400 ሊትር ይሰጣል፤ ከአሥር ሰው በላይ ማለት ነው። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲጀመር ያስፋፋው «ስንዱ» የተባለው ጉልላት፣ ከኔፓል የተቀዳው፣ ሽንት ቤት ቢገናኝበትም በእበት ላይ የቆመው ለዚህ ነው። ለ300 ተማሪ ወጥ ቤት ማገዶን ጨርሶ ይተካል ብሎ የነገራቸው ሰው ሒሳብ አልሠራም።

የወጥ ቤቷ ኃላፊ ይሄን ከሁላችን ቀድመው ነው የተረዱት። «ልጄ፣ እንጀራ ካልጋገረልኝ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ እንጀራ አይጋግርም፤ ሰፊ ምጣድ እኩል የሚያግል ኃይል የለውም፣ ማገዶ የሚበላው ደግሞ ምጣዱ ነው። «እትዬ፣ ሻይና ወጥ ብቻ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው አልፈታም፣ ግን ከዚያ በኋላ የጋዙን ሰዓት የሚቆጣጠሩት እሳቸው ሆኑ።

ጉዳዩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የወጥ ቤት ትርፍራፊ ማስገባት ተጀመረ፦ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የተረፈ እንጀራ። ጋዙ ወዲያው ጨመረ፣ ምክንያቱም ትርፍራፊ ያልተበላ ምግብ ነው። ሁሉም ደስ አለው። ደስታው በዛና አንድ የአስተዳደር ሰው ከጠላ ቤቶች አተላ በበርሜል ማስመጣት ጀመረ። ለከብት አድላቢ የሚሸጠውን አተላ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት! በመጀመሪያው ቀን ግፊቱ አሻቀበ። ከዚያ ምድጃው እንግዳ ነገር አሳየ፤ ጋዙ ሞልቷል፣ ቧንቧው ያፏጫል፣ ክብሪት ሲጠጋው ግን አይይዝም። ሽታውም ኮምጣጣ ሆነ።

ይሄ አሁን እውነተኛው በሽታ ነው፣ ከመጀመሪያው ጋር ፍጹም ተቃራኒ። አተላ ሲመጣም ጎምዛዛ ነው፣ በቀላሉም ይፈርሳል። አሲድ ሠሪዎቹ ተንበሸበሹ፣ ሚቴን ሠሪዎቹ መከተል አቃታቸው፣ አሲዱ ተከማቸ። ፒኤቹ ከ6 በታች ወርዶ ነበር። የሚወጣው ጋዝ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ አይነድም። ሰዎች ግፊት መለኪያውን አይተው «ጋዝ አለ» የሚሉት እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ፒኤች የሚወርደው ዘግይቶ ነው፤ አቅም ያለው ተቋም የአሲዱን መጠን አሲዱን ከሚያቻችለው አልካላይኒቲ ጋር እያነጻጸረ ቢከታተል፣ ጥምርታው ከ0.3 ወይም 0.4 ሲያልፍ ችግሩን ቀድሞ ያየዋል።

መድኃኒቱ ጾም ነው። ትርፍራፊም አተላም ቆመ። ትኩስ እበት ገባ፣ ጥቂት ኖራም በውሃ በጥብጠን ጨመርን። ጥቂት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ኖራ ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስቦ የጉልላቱን ግፊት ያወርዳል፣ ራሱም ድንጋይ ሆኖ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ መጠበቅ። ቀርፋፋዎቹን ማቻኮል አይቻልም። ሲያገግም ትርፍራፊው ተመለሰ፣ በባልዲ ተለክቶ፣ በየቀኑ እኩል። አተላው አልተመለሰም።

በዚሁ መሃል አንድ ሰው ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ ከፋብሪካዎች ዝቃጭ ብንወስድስ፣ ከተማው ሞልቶታል፣ ገንዘብም ይከፍሉናል። ይሄ ላይ አልተለሳለስኩም። ኮምቦልቻ ውስጥ በ2013 እና በ2014 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ክረምት የአምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ተለክቶ በጥናት ታትሟል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ውስጥ የክሮሚየም መካከለኛ መጠን በሊትር 26,600 ማይክሮግራም፣ ከብረት ሥራው ደግሞ የዚንክ 155,750 ማይክሮግራም ነበር።  ሌሎቹ ቢራ፣ ጨርቃ ጨርቅና ሥጋ ማቀነባበሪያ ናቸው። እንግዲህ ብረት አይብላላም። ማብላያው ከሚቃጠለው ክፍል ግማሽ ያህሉን ወደ ጋዝ ቢለውጥ፣ ክሮሚየሙ እንዳለ ይቀርና በቀረው ጥቂት ዝቃጭ ውስጥ ይበልጥ ይከማቻል። የቆዳ ፍሳሽ ደግሞ ሰልፌት ይበዛዋል፣ ሰልፌት አየር በሌለበት የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ይሆናል። ያንን ማሳ ላይ የሚያፈስ ሰው ጋዝ አተረፍኩ ቢል አልሰማውም። የቢራና የሥጋው ሌላ ጉዳይ ነው፣ በራሱ መጠናት ያለበት ጉዳይ።

የሚወጣው ስለሪም ክርክር አስነስቶ ነበር። አትክልተኛው ሰላጣና ቆስጣው ላይ ሊያፈሰው ነበር። ማዳበሪያነቱ እውነት ነው፤ ናይትሮጂኑና ፎስፈረሱ ከጋዙ ጋር አይሄዱም። ግን 20 ዲግሪ ላይ 24 ቀን መቆየት የወስፋት እንቁላልን አይገድልም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2006 መመሪያ በእንዲህ ያለ ሙቀት ማከማቸትን ብቻ ከመረጥክ ከ20 ዲግሪ በታች ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከአንድ ዓመት በላይ ይላል፤ ወይም ከ50 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ኮምፖስት ቢያንስ አንድ ሳምንት። ስለዚህ ስለሪው ማድረቂያ አልጋ ላይ ይውላል፣ ከሣር ጋር ይከመራል፣ ከዚያ ለዛፍ ችግኝና ለከብት መኖ ሣር። ጥሬ የሚበላ ነገር ላይ በጭራሽ።

የቀረው ችግር ክረምት ነው። ተማሪው ሲወጣ የሚገባው ይቆማል፤ ስለዚህ ከጎረቤት አድላቢ በሳምንት ጥቂት ጋሪ እበት ለመውሰድ ተስማምተዋል። የምድጃው አፍንጫም ይዝጋል፣ የሃይድሮጂን ሰልፋይዱ ሥራ ነው። ጋዙ በዛገ የብረት ፍቅፋቂ በተሞላ ጣሳ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል፣ ብረቱ ሰልፈሩን ይይዘዋል፤ ፍቅፋቂው ሲጠቁር ይለወጣል። መለወጡን የሚያስታውሱት የወጥ ቤቷ ኃላፊ ናቸው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸታቸው መጀመሪያ እሳቸው ስለሆኑ። ማብላያው ውስጥ ግን ማንም እንዳይወርድ ተብሎ ክዳኑ ተቆልፏል፤ ይሄ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ተብሎ የሚገባ ሰው አይወጣም።